«ወንድሜ በሙሉ ዋጋ ገዛ፤ ተበልቷል ወይስ አልተበላም?»

«ሰላም ነሽ ወይ እህቴ? ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው የምጽፍልሽ። ዕድሜዬ 27 ነው። ጌም እወዳለሁ፤ ከሥራ ስገባ የሚያሳርፈኝ እሱ ነው። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም ሱቅ ላይ ወደ 200 የሚጠጋ ጌም አለኝ። አንዱንም በሙሉ ዋጋ አልገዛሁም። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ይገዛልኛል፤ እኔ ብሩን እዚህ ለእናቱ እሰጣለሁ። ቅናሽ ካልመጣ አላስቸግረውም።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ባጃጅ እየነዳ 5 ወር ያጠራቀመውን አውጥቶ መስከረም ላይ አዲስ የወጣውን የኳስ ጌም በ70 ዶላር ገዛ። የጌም መግዣ ካርድ ለሚሸጥ ልጅ ወደ 10 ሺህ ብር ከፈለ። ሲነግረኝ ጓደኞቹ አጠገቡ ነበሩ። ‹አቦ ተበላህ! ሁለት ወር ብትታገስ በግማሽ ታገኘው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ከሰላምታ ሌላ ቃል የለንም። ኮምፒውተራችን አንድ ነው። ማታ እሱ ሲተኛ እኔም ጌሙን እጫወትበታለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የራሴ ነገር ነው። አሁን ምንም ነገር በሙሉ ዋጋ መግዛት አልችልም። እግሬ ላይ ያለው ጫማ ተቀዷል፤ ‹ይቀንሳል› እያልኩ ስድስት ወር ቆየሁ። 60 ዶላር የሚል ጌም ሳይ ዘረፋ ይመስለኛል። ያው ጌም በ15 ዶላር ሲመጣ ሳላስብ እገዛዋለሁ፤ ከዚያ አልከፍተውም። ለመሆኑ የአንድ ጌም እውነተኛ ዋጋው የቱ ነው? የተበላው ወንድሜ ነው ወይስ እኔ?»

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናውቅ በቀጥታ «አንተ» ብዬ ልጀምር። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የዋጋ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «ማታ እሱ ሲተኛ እኔም እጫወትበታለሁ» ያልከው ላይ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ።

ከብዙ ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ ገንደ ቆሬ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ላስቲካቸው ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለሉ አራት ጆይስቲኮች። ግድግዳው ላይ በጠመኔ «1 ጨዋታ 5 ብር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ተሸናፊ ይከፍላል»። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እቀበል ነበር።

የድሬን ቀትር ታውቀዋለህ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ይዘጋል። መንገዱ ጭር ይላል። ትልቅ ሰው በርጫ ላይ ነው። ቆርቆሮው ከላይ ይግላል፣ ቤቱም ባዶ ይሆናል። የአጎቴ ልጅ አሰበና በዚያ ሰዓት ዋጋውን 3 ብር አደረገው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ጎረፉ። እሱም ተደሰተ። ወር ሲሞላ ግን አንድ ነገር አየሁ። ማታ ማታ 5 ብር ከፍለው ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ጠፉ። ያው ልጆች ናቸው። በቀትር ያን ሙቀት ችለው፣ ላባቸው ጆይስቲኩ ላይ እየተንጠባጠበ ይጫወታሉ። ሲመሽና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አጥሩን ተደግፈው ያወራሉ እንጂ አይገቡም።

በመጨረሻ ተናደደና ቅናሹን አነሳው። ቀኑን ሙሉ 5 ብር ሆነ። በማግስቱ አንድ የ10 ዓመት ልጅ መጣ። ግድግዳውን አየ። 3 የምትለዋ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጋ ነጭ ጭረቷ ብቻ ቀርቷል። ወደ ጓደኞቹ ዞረና ጮኸ፦ «ጨመረ!»

ዋጋው አልጨመረም። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ 5 ብር ነበር። ልጁ ግን አልዋሸም። እሱ ልብ ውስጥ ዋጋው 3 ብር ሆኗል። ስለዚህ 5 ሲያይ ሁለት ብር የተወሰደበት መሰለው።

አንተም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቅናሽ ሲደጋገም ቅናሽነቱ ይቀራል። ራሱ ዋጋው ይሆናል። አንተ 200 ጌም በቅናሽ ገዝተሃል። 200 ጊዜ «የጌም ዋጋ ይህ ነው» ብለህ ለራስህ ነግረሃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 60 ዶላር ስታይ ዘረፋ ቢመስልህ አልፈርድብህም።

ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን አንርሳ። ድሬ ላይ ብዙዎቻችን ጌምን መጀመሪያ ያወቅነው በፍላሽ ነው። ፍላሽህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ልጁ ትንሽ ብር ተቀብሎ ይገለብጥልሃል። ልባችን ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው የጌም ዋጋ ያቺ የማስገልበጫ ብር ናት። ለሠራው ሰው ግን ከእሷ አንዲት ሳንቲም አልደረሰውም። ይህን የምለው ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ከየት እንደተነሳን እንድታየው ነው።

ሰው ዋጋን ለብቻው አያይም። ሁልጊዜ ከሆነ ቁጥር ጋር ያስተያየዋል። ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ቁጥር የተጻፈበት ጎማ በሰው ፊት ያሽከረክራሉ። ጎማው 10 ላይ ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት በመቶ ስንቱ የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጎማውና ጥያቄው ምንም አይገናኙም። ሆኖም 10 የደረሳቸው ሰዎች መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ። 65 የደረሳቸው 45 አሉ። ፊታቸው የቆመው ቁጥር ጎተታቸው።

አሁን ስቲምን ክፈት። 60 ዶላር የሚለው በመስመር ተሰርዟል። ከጎኑ አረንጓዴ ሳጥን አለ፤ 75 በመቶ ቀንሷል ይላል። ከሥሩ 15 ዶላር። ያ የተሰረዘው 60 ጎማው ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ «ይህን ጌም እፈልገዋለሁ ወይ?» ብለህ ትጠይቅ ነበር። እሱ ስላለ ጥያቄው «45 ዶላር ላትርፍ ወይስ ይለፈኝ?» ሆነ። ሪቻርድ ቴለር የተባለው ኢኮኖሚስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ለሁለት ከፍሎ አስረድቷል። አንድ ዕቃ ስንገዛ አንደኛው ደስታችን ከዕቃው ነው። ሁለተኛው ደስታ ከግዢው ነው፣ «አሪፍ ዋጋ አገኘሁ» ከሚለው። ሁለተኛው ደስታ ዕቃውን መጠቀም አይጠይቅም። ገዝተህ ለምን እንደማትከፍት ገባህ? የፈለግከውን ደስታ ስትከፍል ጨርሰኸዋል።

ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ የቱ ነው? 60 ነው ወይስ 15? ይህን ለመመለስ እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ መግባት ይሻላል።

ታይዋን ገብተህ አንድ ጃኬት ታነሳለህ። «ስንት ነው?» ትላለህ። «3 ሺህ» ይልሃል። አንተ 3 ሺህ ትከፍላለህ? አትከፍልም። «ቁርጡን ንገረኝ» ትለዋለህ። ልትሄድ ትዞራለህ፤ ይጠራሃል። በ1800 ትስማማላችሁ። 3 ሺህ ሲልህ ግን አልተቆጣህም። ሰውየውን ሌባ አላልከውም። ምክንያቱም 3 ሺህ ጥሪ እንደሆነ እሱም አንተም ታውቃላችሁ። ጥሪ ሌላ፣ ቁርጥ ሌላ።

ብዙ ቅናሽ የሚደረግበት ጌም ላይ የተለጠፈው ዋጋም ጥሪ ሆኗል። ልዩነቱ ስቲም ላይ የምትከራከረው ሰው የለም። በአንተ ፈንታ የሚከራከርልህ የቀን መቁጠሪያው ነው። ስቲም በዓመት አራት ትልልቅ የቅናሽ ሰሞን አለው። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ ትልቁ የሚመጣው ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ሌላው ትልቅ ታኅሣሥ ላይ። የሚመጣበትን ወር አስቀድሞ የሚያውቅ ገዢ ጥሪውን ለምን ያምናል? ሻጩም ገዢው እንደሚጠብቅ ያውቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥሪው ከፍ እያለ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትልልቆቹ ጌሞች ለዓመታት 60 ዶላር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ 70 ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኒንቴንዶ የተባለው የጌም ድርጅት አንዱን ጌም 80 ብሎ ጠራ። ኤፒክ የሚባለው ሱቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከተከፈተ ጀምሮ ጌም በነፃ ያድላል። ጂቲኤ 5ን የመሰለ ጌም ግንቦት 2012 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በነፃ ሰጥቷል። አንዱ ወደ 80 ይጎትትሃል፣ አንዱ ወደ ዜሮ። መሀል ላይ ያለ ሰው ግራ ቢገባው አይገርምም።

እናቴ ቲማቲም የምትገዛው ቀፊራ ገበያ ሲመሽ ነበር። ጠዋት ዋጋውን ጠይቃ ታልፋለች። 12 ሰዓት አካባቢ ዘንቢሏን ይዛ ትመለሳለች። ሻጯ ማዳበሪያዋን ልትጠቀልል ነው። ቲማቲሙ በድሬ ሙቀት አያድርም፤ ሻጯም ታውቃለች። ስለዚህ ይረክሳል። እናቴ የተደበደበውን እየለየች ታነሳለች። በቅናሹ አንድም ቀን አልኮራችም፤ ምክንያቱም ምን እንደምትከፍልበት ታውቃለች። ጠዋት የገዛችው ሴት ጠንካራውን መርጣ ለምሳ ወጥ ሠርታበታለች። እናቴ የተረፈውን ለራት አገኘች። ሁለቱም የከፈሉት ትክክል ነው።

ጌም ግን አይበሰብስም። ለምን ይረክሳል ታዲያ? ወጪው ያለው የመጀመሪያውን ቅጂ ለመሥራት ነው። መቶ ሰው ለዓመታት ይለፋበታል። ከዚያ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለአንተ ለመላክ የሚወጣው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ሻጩ መጀመሪያ መጠበቅ ለማይችለው በ60 ይሸጣል። ቀጥሎ ትንሽ ለሚታገሰው በ40። ቀጥሎ ለአንተ በ15። ከዚያ ላይ ሱቁ 30 በመቶውን ይወስዳል፤ ብዙ የተሸጠለት ትልቅ ጌም ላይ ብቻ ወደ 25 እና 20 ይወርዳል። አየህ፣ 15 ዶላር የከፈልክበት ጌም ተሠርቶ የተጠናቀቀው ቀድመው በ60 የገዙ ሰዎች ስላሉ ነው። እንደ ወንድምህ ዓይነት ሰዎች። «ተበላህ» ያልከው ሰው ለአንተ ቅናሽ መንገድ ጠርጎልሃል።

ቅናሽን ትተው የሚሸጡ የሉም ወይ ካልክ አሉ። ፋክቶሪዮ የሚባል የፋብሪካ ጌም አለ፤ የቼክ ሪፐብሊክ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ቅናሽ አናደርግም አሉ፤ አላደረጉምም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የዋጋ ንረትን ጠቅሰው ከ30 ወደ 35 ዶላር ጨመሩ። ኒንቴንዶም ትልልቅ ጌሞቹን ለዓመታት ዋጋቸው ላይ ያቆያል። የእነዚህን ዋጋ ያየ ሰው ሰኔን አይጠብቅም። ከፈለገ ይገዛል፣ ካልፈለገ ይተዋል። ቁርጥ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን አከብራለሁ፤ ጊዜዬን አይበላብኝም።

ግን አንዴ በቅናሽ ያስለመድከውን ሰው ወደ ቁርጥ መመለስ ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄሲ ፔኒ የሚባል ትልቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክሮታል። አዲሱ ኃላፊ ሮን ጆንሰን ኩፖኑንና የቅናሽ ጋጋታውን አስቀርቶ በየቀኑ ዝቅ ያለ ዋጋ ለጠፈ። የሚከፈለው ዋጋ ከድሮው የቅናሽ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር። ደንበኛው ግን ሄደ። በዚያ ዓመት ሽያጩ ሩብ ያህል ወረደ፤ ሰውየውም በቀጣዩ ዓመት ከቦታው ተነሳ። ሰዉ የተሰረዘውን ቁጥር ፈለገ። የገንደ ቆሬው ልጅ «ጨመረ» ያለው እዚያም ነበር።

ስለ ውሸት ቅናሽም ጥቂት ልበል። ከዚራ አካባቢ አንድ ሱቅ ነበር። መስታወቱ ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ቀዩ ቀለም በፀሐይ ሮዝ ሆኗል። ከዚያ ቦርሳ ገዛሁ፤ «ከ1200 ወደ 900» ብለውኝ። በወሩ ጓደኛዬ ያንኑ ቦርሳ ያለ ምንም ቅናሽ በ850 ከዚያው ሱቅ ገዛችው። አንጀቴ አረረ። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ይህን የሚገታ ደንብ አለ። ቅናሽ የሚል ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። ስቲምም ዋጋ የጨመረ ጌም 30 ቀን ሳይሞላው ቅናሽ እንዲያደርግ አይፈቅድም። አንተም ስቲምዲቢ የሚባለው ገጽ ላይ የአንድን ጌም የዓመታት ዋጋ በመስመር ተስሎ ታየዋለህ። በዓመት ስድስት ጊዜ የወረደ መስመር ካየህ የተለጠፈው ዋጋ ጥሪ ነው ማለት ነው።

አሁን ለእኛ የሚብሰውን ልንገርህ። ቅናሹ በዶላር ነው፤ ደሞዝህ በብር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር። የ60 ዶላር ጌም ሙሉ ዋጋው 3420 ብር ነበር ማለት ነው። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው ጌም በግማሽ ቅናሽ፣ በ30 ዶላር፣ 3900 ብር ሆነ። ልብ በል። በግማሽ ዋጋ የገዛው ሰው በሙሉ ዋጋ ከገዛው ሰው በላይ ብር አወጣ! የተሰረዘው ቁጥርና አረንጓዴው ሳጥን ይህን አይነግሩህም። «ይቀንሳል» ብለህ ስትጠብቅ የሚቀንሰው የዶላሩ ቁጥር ነው። ከኪስህ የሚወጣው ብር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መጠበቅ ሁልጊዜ ትርፍ ነው የሚለውን እምነትህን እዚህ ላይ አላላው።

የወንድምህን ግዢ ደግሞ ለብቻው እንየው፤ ምክንያቱም የኳስ ጌም ከሌሎቹ ይለያል። ጌም አይበሰብስም ብዬህ ነበር። ይህኛው ይበሰብሳል። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲሱ ይወጣል። ስሙ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፊፋ ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሲቀየር የድሮዎቹ ፊፋዎች ከኢንተርኔት ሱቆች ተነስተዋል። ተጫዋቾች ክለብ ይቀይራሉ፤ ኦንላይን የሚገጥሙህ ሰዎች ወደ አዲሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኅዳር ላይ በግማሽ መሸጡ እውነት ነው፤ በሒሳብ ከሄድን አንተ ልክ ነህ። 12 ወር የሚያገለግል ነገር ሁለት ወር ጠብቀህ በግማሽ ዋጋ ማግኘት ጥሩ ግዢ ነው። ይህን አልክድህም።

ግን ወንድምህ ምን እንደገዛ ጠይቀኸዋል? የ19 ዓመት ልጅ ነው። ጓደኞቹ መስከረም ላይ ስለዚያ ጌም ነው የሚያወሩት። 5 ወር በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ እየተመላለሰ ያሰበው ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። እሱ የጠዋቱን ቲማቲም ነው የገዛው። ዋጋውን ያውቃል፣ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ በየቀኑም ይጫወትበታል። እንዲህ ያለ ሰው አልተበላም።

አንተስ? ይህን ቁጭ ብለህ ራስህ መልሰው። ዛሬ ማታ ስቲም ላይ የጌሞችህን ዝርዝር ክፈትና ጨርሶ ያልከፈትካቸውን ቁጠር። የከፈልክባቸውን በብር ደምር። ድምሩን ወረቀት ላይ ጻፈው። ላስደነግጥህ አይደለም። አንድ ጌም 5 ዶላር ነው ስትል ርካሽ ነው። ያልተከፈቱ 100 ጌሞች በ5 በ5 ዶላር 500 ዶላር ናቸው።

ከዚህ በኋላ ስትገዛ አንድ ነገር ሞክር። ቅናሹን ከማየትህ በፊት ጌሙ ለአንተ ስንት ብር እንደሚያወጣ ደብተር ላይ ጻፍ። በብር እንጂ በዶላር አይሁን። ይህን ሳምንት እጫወተዋለሁ ወይ ብለህም ጻፍ። ከዚያ ዋጋውን እይ። ከጻፍከው በታች ከሆነና መልስህ «አዎ» ከሆነ ግዛ፤ ቅናሽ ኖረውም አልኖረውም። 75 በመቶ ቢቀንስም መልስህ «አይ» ከሆነ እለፈው። አትቸኩል ደግሞ። ድሮ ስቲም ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆዩ ቅናሾች ነበሩ፤ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይጠብቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ቀርተዋል። አሁን የቅናሹ ሰሞን ሲጀምር ያለው ዋጋ እስከ መጨረሻው ቀን ያው ነው። አድረህበት ብትገዛ አያመልጥህም። ገዝተህ ካልወደድከው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ካልተጫወትክ፣ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። ስለዚህ የገዛኸውን ያን ዕለት ክፈተው።

ጫማውን በዚህ ሳምንት ግዛው። ስድስት ወር ሙሉ የትኛው ጫማ ነው ሲረክስ ያየኸው? ታይዋን ሂድ፣ ቁርጡን ጠይቅ፣ ተከራከር፣ አድርገኸው ተመለስ።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። ወንድምህ ሲተኛ ጌሙን ትጫወታለህ። «ተበላህ» ባልከው ጌም ማለት ነው። ጌሙ ለአንተም ዋጋ አለው፤ ባይኖረው እንቅልፍህን አታጣበትም ነበር። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። 70 ዶላሩን ለሁለት ክፈለው፤ 35 ይመጣል። ኅዳር ላይ በግማሽ እገዛዋለሁ ስትል በልብህ የያዝከው ዋጋ ይኸው እኮ ነው! በብር ወደ 5 ሺህ ነው። በአንዴ ከሌለህ ለሁለት ደሞዝ ከፋፍለው። ትራስ ሥር አታስቀምጥለት፤ በእጁ ስጠው። «ለምንድነው?» ሲልህ እውነቱን ንገረው፤ ማታ ማታ እንደምትጫወት፣ ጌሙን እንደወደድከው። ያስሳቅክበት ጓደኞቹ ፊት ስለነበር ይቅርታህም እነሱ ባሉበት ይሁን። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ብሩን አልቀበልም ይልሃል፤ ኩራተኛ ልጅ ይመስላል። አስይዘውና ሁለተኛውን ጆይስቲክ አንሳ። ተሸናፊ ምን እንደሚከፍል ሁለታችሁ ተስማሙ።